ጨዋታ ላይ ይንገጫገጫል፣ ስክሪኑም እየጠፋ ይመለሳል፦ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችን በፊት ምን እንፈትሽ?

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። የምጽፈው ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። የታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተር ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው፣ ጨዋታ ሲከፈት ምስሉ ጥቂት ደቂቃ በደህና ይሄድና ድንገት ይይዛል፤ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቆሞ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ይንገጫገጫል። ሁለተኛው፣ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል። አንድ ሁለት ሰከንድ ጠቁሮ፣ ሲግናል የለም የሚለውን ጽሑፍ አሳይቶ ይመለሳል። ድምፁ ግን አይቋረጥም፤ ጨዋታው ከጥቁሩ ስክሪን ጀርባ መሄዱን ይቀጥላል።

ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600 ነው። ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ ባለ 12 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3060፣ ራሙ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር 4፣ ማከማቻው ኤስኤስዲ ነው። ስክሪኑ 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚያድስ) ሲሆን በኤችዲኤምአይ ኬብል ተያይዟል። ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወይም ሲወርድ በባትሪ በሚያሠራው መሣሪያ) በኩል ይሠራል። ችግሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብሳል፤ ሌሊት እምብዛም አይታይም። ያሳየንበት ሱቅ ካርዱ አልቆለታል፣ ለውጡት ብሎናል። ወንድሜ ኮምፒውተሩን ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለሕንፃ ንድፍ ትምህርቱም ይጠቀምበታል፤ የካርዱ ዋጋ ደግሞ ቤተሰባችን ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጠው ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት ምን እንፈትሽ?

ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት ዘግይቼ ነው። ክሩ (ከጥያቄዬ ስር የተከታተለው ውይይት) ረዝሟል፣ መሐሉም በጠብ ተሞልቷል። ተመሳሳይ ችግር ይዞ የሚመጣ ሰው ገጽ በገጽ እንዳይንከራተት፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጬአለሁ።

መልስ 1 ሰላምታውን አስቀድሞ፣ የስክሪኑ ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን እንድናይ መከረ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ መልካም ጥያቄ ነው። መልስ 2 ግን በትሕትና አረመው፦ ይህ ፕሮሰሰር በውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ኬብሉ ማዘርቦርዱ ላይ ቢሰካ ምስል ጭራሽ አይመጣም። ምክሩ የሚሠራው 5600ጂ ለሚባለው ዓይነት ነው።

መልስ 3 አጭርና ቁርጥ ያለ ነበር። ያገለገለ ካርድ ሁሉ ክሪፕቶ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲቆፍር የኖረ ነው፤ ሽጡትና አዲስ ግዙ የሚል። አንድም ነገር አልጠየቀም። ቅር ያለኝም ለዚህ ነው፤ ሱቁም ያደረገው ይህንኑ ነበርና።

ክሩን መስመር ያስያዘችው መልስ 4 የጻፈችው እህታችን ናት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ካምፓስ ተማሪ ነች። በሰከንድ ስንት ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንደሚወጣ የሚያሳየውን አማካይ ቁጥር ትታችሁ፣ እያንዳንዱ ፍሬም ስንት ሚሊሰከንድ እንደወሰደ የሚያሳየውን መስመር አምጡ አለች። ስክሪኑ 60 ኸርዝ ከሆነ አንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ መድረስ አለበት፤ 144 ኸርዝ ከሆነ በ6.9። በአንድ ሰከንድ ውስጥ በርካታ ፍሬሞች ቢቆጠሩም፣ አንዱ ብቻውን 200 ሚሊሰከንድ ከወሰደ ዓይን የሚይዘው ያንን ነው፤ አማካዩ ደግሞ ያንኑ ይሸፍነዋል። መስመሩን አፍተርበርነር በሚባለው የመለኪያ ፕሮግራም አውጥተን ለጠፍንላት። ሁለት ዓይነት ቅርጽ ታየ። አንደኛው በየጊዜው ብቅ የሚል ትንንሽ ሹል ጫፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለደቂቃዎች ከፍ ብሎ እንዳለ የሚቀር ነው። እርሷም ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የመጡ አይመስሉም ብላ ጻፈች። ከዚህ በኋላ ስለ ኮምፒውተሩ ያገኘነው ሁሉ ከዚህች መልስ የተነሣ ነው።

መልስ 5 ሙቀትን ጠረጠረ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ማራገቢያው የሚያሳልፈው አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ከሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች ምሽት ላይ ብርሃን ፈልገው በሚመጡ ትንኞች ይሞላሉ። የራሱን ኮምፒውተር ሲከፍት በማቀዝቀዣው የአሉሚኒየም ቅጠሎች መካከል አቧራና የትንኝ ክንፍ ተጋግሮ አንድ ወፍራም ጨርቅ ሠርቶ እንዳገኘ፣ በብሩሽ አልላቀቅ ስላለው በወረንጦ እየጎተተ እንዳወጣው ተረከ። መልስ 6 ስለ አየሩ ተስማማ፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚያንስ ጨመረ። ግን የሙቀቱን ቁጥር ሳናይ እንዳንፈርድ አስጠነቀቀ። የእኛ ካርድ ሥራ በዝቶበት ከ74 ዲግሪ አላለፈም፣ ፕሮሰሰሩም ደህና ነበር። ሙቀት አይደለም። ማጽዳቱን ግን አጽድተናል።

መልስ 7 ዊንዶውስ 144 ኸርዝ ስክሪንን ብዙ ጊዜ በ60 ላይ እንደሚተወውና በማስተካከያው ገብቶ መምረጥ እንደሚያስፈልግ አስታወሰ። የእኛ በትክክል ተመርጧል። መልስ 8 ግን ጥሩ ነገር አገኘ። የራሙን ፍጥነትና የተሰካበትን ቀዳዳ ጠየቀ። ከፍተን ስናይ ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን፣ ለፕሮሰሰሩ በሚቀርቡት 1ኛና 2ኛ ቀዳዳዎች ላይ ተሰክተዋል። አራት ቀዳዳ ባለው እንዲህ ባለ ማዘርቦርድ እነዚህ ሁለቱ የአንድ መስመር ናቸው፤ ራሞቹ በሁለት መስመር እንዲሠሩ 2ኛና 4ኛ ላይ መሰካት ነበረባቸው። ፍጥነታቸውም 3200 ሆኖ ሳለ ኤክስኤምፒ (ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያስኬደው ምርጫ) ስላልተከፈተ በ2400 ይሄዱ ነበር። ኮምፒውተሩን የገጣጠመው ሰው ያስረከበን እንዲህ አድርጎ ነው። ራሞቹን አዛውረን፣ ባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ገብተን ኤክስኤምፒን ስንከፍት ትንንሾቹ ሹል ጫፎች አብዛኞቹ ጠፉ። ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ! ለመልስ 8 ባለቤት ምስጋናዬ ትልቅ ነው።

መልስ 9 ራይዘን ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ኤፍቲፒኤም ከሚባለው የደኅንነት ክፍል የተነሣ ስለታየው መንገጫገጭ አነሣ። የራይዘን አምራች ኤኤምዲ ራሱ ችግሩን በአውሮፓውያኑ 2022 መጋቢት ላይ አምኖ፣ ከግንቦት ጀምሮ በአዲስ ባዮስ በኩል መፍትሔ አውጥቶለታል። መልስ 10 ወዲያው ተቆጣ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ባዮስ ቀይሩ ማለት ምን ማለት ነው፣ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢሄድ ማዘርቦርዱ ይሞታል አለ። ሥጋቱ እውነት ነው፤ ባትሪው ደህና የሆነ ዩፒኤስ ሳይኖር መሞከር የለበትም። እኛ ግን የባዮሱን ዕድሜ ስናይ ከዚያ በኋላ የወጣ ስለነበር ነገሩ አልነካንም።

መልስ 11 ያው የመልስ 3 ጸሐፊ ነው። ተመልሶ መጥቶ፣ በራምና በባዮስ ጊዜ አታጥፉ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ጨዋታ ይተው አለ። መልስ 12 አልታገሠውም። አዲስ ካርድ ማለት ለብዙ ደመወዝተኛ የወራት ደመወዝ መሆኑን፣ የሰው ገንዘብ ሲሆን ማዘዝ እንደሚቀል፣ ምርመራ የማይጠይቅ ሰው ምክር ባይሰጥ እንደሚሻል ነገረው። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር፤ እኔ ግን ከልቤ እስማማለሁ።

እዚህ ላይ ነው ጋሼ የገቡት። በዕድሜ የገፉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው፣ ዓባይ ማዶ ይኖራሉ። በመልስ 13 ስለ ካርዱም ሆነ ስለ ራሙ ምንም አላነሡም። ስክሪኑ ሲጠፋ ዩፒኤሱ ቀጭ ይላል ወይ? ስክሪኑና ኮምፒውተሩ የተሰኩት አንድ ቦታ ነው ወይ? የኮምፒውተሩን ብረት በባዶ እግር ቆሞ የነካ ሰው ይነዝረዋል ወይ? ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ምጣዱ ተሰክቷል ወይ? ብለው ጠየቁ።

አዎ፣ ዩፒኤሱ ቀጭ ይላል። ወንድሜ ስሜቱን ለምዶት እንጂ ብረቱ ይነዝራል። ስክሪኑ የተሰካው ከዩፒኤሱ ሳይሆን ማቀዝቀዣው ካለበት ዲቫይደር ላይ ነው። ምጣዱንም በተመለከተ፣ እናታችን እንጀራ የምትጋግረው ከሥራ ስትመለስ ምሽት ላይ ነው፤ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ወጡ የሚሠራበት ምድጃ ይሰካል። ጋሼ ሂሳቡን አስቀመጡ፦ 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ወይም አንድ ቦታ ማያያዣው ከላላ፣ ቮልቱ የሚወድቀው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

መልስ 14 አልተቀበለም። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ጎረቤታችን፣ ከጣና በዋሻ ውኃ የሚወስደው 460 ሜጋዋቱ የበለስ ማመንጫ ቅርባችን ሆኖ ሳለ ባሕር ዳር ላይ ቮልት ወረደ ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ሞገተ። ጋሼ በመልስ 15 በትዕግሥት አስረዱት። ኃይሉ ወደ አንድ የአገር መረብ ገብቶ ነው የሚመጣው፤ የቤታችሁን ቮልት የሚወስነው የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ከእርሱ እስከ ቆጣሪያችሁ ያለው ርቀትና ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣድ መስካቱ ነው። እኔም በመልቲሜትር ለካሁ። ምጣዱ ሳይሰካ 198 ቮልት፣ ሲሰካ 176። ዩፒኤሱ ደግሞ ከ180 በታች ሲሆን ወደ ባትሪ የሚዞር ነው።

ከመልስ 16 እስከ 18 ያለው ከጉዳያችን ወጥቷል። ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምጣድ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ቀጥሎም ጋሼ ተሻግረው እመጣለሁ ስላሉ በግንቦት 2016 ስለተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ስላለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተወራ። መልካም ጨዋታ ነበር፤ የመድረኩ አስተዳዳሪ ግን ወደ ነገሩ እንድንመለስ አሳሰበ።

በመልስ 19 የፖሊ ተማሪዋ ተመለሰች። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዞ እንደሆነ ጠየቀችን። ተያይዟል። ስለዚህ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን ባትሪ እንዳለው ላፕቶፕ ያየዋል፣ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ በዞረ ቁጥርም የባትሪ ጊዜ የኃይል ደንብ ይሠራል አለች። በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ ከርነል ፓወር በሚለው ስር ቁጥር 105ን እንድንፈልግ ነገረችን፤ የኃይል ምንጭ መቀየሩን የሚመዘግብ ነው። ምሽቱን ሙሉ ተደርድሮ አገኘነው። ሰዓቱን ከፍሬም መስመሩ ጋር ስናስተያየው፣ ያ ለደቂቃዎች ከፍ ብሎ የሚቀረው ቅርጽ በእያንዳንዱ 105 ላይ ይጀምራል። የኃይል ደንቡን ስንከፍት በባትሪ ጊዜ የፕሮሰሰሩ ጣሪያ 50 በመቶ ላይ ተቀምጧል። ዩፒኤሱን የገጠመልን ሰው ባትሪው እንዲቆይ ብሎ አድርጎት ይሆናል። ወደ 100 መለስነው፤ መንገጫገጩ ምጣዱ እንደተሰካም ቢሆን ቆመ።

መልስ 20 በጥርጣሬ መጣ። የዘመኑ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል 176 ቮልት ምንም አያደርገውም አለ። ስለ ፓወር ሰፕላዩ ልክ ነው፤ ተማሪዋም ይህንኑ አምና ፕሮሰሰሩን የሚያዘገየው ፓወር ሰፕላዩ ሳይሆን የኃይል ደንቡ መሆኑን በአጭሩ መለሰችለት።

ስክሪኑስ? መልስ 21 ኬብሉን ቀይሩ አለ፤ መልስ 22 ደግሞ በጋዝ ከፍ ዝቅ የሚል የቢሮ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥና ሲነሣ የሚፈጠር ብልጭታ ስክሪን ሊያጠፋ እንደሚችል ጻፈ። ሁለት ሰዎች አሾፉበት። ማሾፋቸው ተገቢ አልነበረም፤ ይህ የታወቀ ነገር ነው፣ አየሩ በሚደርቅበት በበጋ ወራት ደግሞ ይበረታል። የወንድሜ ወንበር የእንጨት ስለሆነ ነው እንጂ እኔም እሞክረው ነበር።

ጋሼ በመልስ 24 ስክሪኑን ከሚነዝረው ብረት ጋር አያያዙት። ሶኬቱ የመሬት መስመር የለውም። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ትርፉን ወደ መሬት መስደድ ሲገባቸው መሄጃ ስለሌላቸው፣ የኮምፒውተሩ ብረት ከ220 ግማሽ ወደሚሆን ቮልት ይወጣል። አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም። ስክሪኑ ደግሞ ሌላ ሶኬት ላይ ስላለ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚያልፈው በኤችዲኤምአይ ኬብሉ ሽፋን በኩል ነው። ማቀዝቀዣው ሲነሣ ወይም ዩፒኤሱ ቀጭ ሲል እዚያ የሚያልፈው ረብሻ ምስሉን ይቆርጠዋል። ስክሪኑንም ከዩፒኤሱ ላይ ሰክተን፣ ረጅሙን ኬብል በአጭር ስንተካ መጥፋቱ በጣም ቀነሰ። መነዘሩ ግን አልቀረም።

መልስ 25ን እንዳትከተሉ እለምናችኋለሁ። ጸሐፊው ቀላል መፍትሔ አለኝ ብሎ፣ ሶኬቱ ውስጥ የመሬቱን ጫፍ ከኒውትራሉ (ኃይሉ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት ይበቃል አለ። እርሱ ቤት ለዓመታት እንደሠራም ጨመረ። እስከዚያ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ ያላደረጉት ጋሼ በመልስ 26 ተቆጡ። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢላላ ወይም ቢበጠስ፣ የዚያ ኮምፒውተር ብረት ሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል፤ የነካው ልጅ አይተርፍም። ይህን የሚመክር ሰው ምክሩን ሳይውል ሳያድር ያጥፋ አሉ። ሰውየው አናንቆ መለሰ፣ ሌሎችም ገቡበት፤ እስከ መልስ 30 ድረስ ያለው ጭቅጭቅ ነው። አስተዳዳሪው መልሱን አልሰረዘውም፤ ይሰረዝ ዘንድ አሁንም እጠይቃለሁ። ምክንያቴንም ላስረዳ፦ ጋሼ መጥተው ዋናውን ሳጥን ሲከፍቱ የላላው ኒውትራሉ ራሱ ነበር። የሰማያዊው ሽቦ ጫፍ ጠቁሯል፤ ልባሱ ደርቆ ሲነካ ይፈረፈራል፤ ብሎኑ በጣት ይዞራል። መልስ 25ን ብንሠራ ኖሮ ወንድሜን የሚጠብቀው ያ ብሎን ብቻ ነበር።

ጋሼ መብራቱን ከዋናው አጥፍተው የተቃጠለውን ቆርጠው እንደገና አጥብቀው አሰሩ። ለምጣዱ ከሳጥኑ የሚነሣ የራሱ 4 ሚሊሜትር ካሬ መስመር ዘረጉ። በጓሮ የመሬት ዘንግ ተክለው እስከ ሶኬቱ ሽቦ አመጡ። አሁን ምጣዱ ተሰክቶ 193 ቮልት አለ፣ ዩፒኤሱ ቀጭ አይልም፣ ብረቱም አይነዝርም። ስክሪኑ ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አላየነውም። ካርዱ ያው የቀድሞው ነው።

በመልስ 31 የመልስ 3 ጸሐፊ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ያገለገለ ካርድ ሲገዛ በምን እንደሚፈተሽ በጨዋነት ጠየቀ። መልስ 32 ካርዱን ሥራ አብዝቶበት ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ሙቀቱንና የፍሬሙን መስመር ማየት፣ የማራገቢያውን ድምፅ መስማት፣ ብሎኖቹ ተፈትተው እንደሆነ መመርመር ነው ብሎ መለሰለት።

አንድ ነገር ይቀራል። አዲስ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት፣ አዲስ ቦታ በተገባ ቁጥር አሁንም ጥቂት ይይዛል። መልስ 33 ይህ ሼደር የሚባሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች በዚያች ቅጽበት ስለሚዘጋጁ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲታለፍበት ይጠፋል፣ ድራይቨር ሲቀየር ደግሞ ይመለሳል አለ። በእኛም እንዲሁ ሆኗል።

መልስ 34 ከዘጌ ነው። በፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር የሚሠራ ስክሪኑ እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ጽፏል። የዘጌው ወንድማችን፣ የኢንቨርተሩ ሞገድ ንጹሕ ሳይን (ለስላሳ፣ እንደ መብራት መስመሩ ሞገድ ያለ) መሆን አለመሆኑን ከላዩ ላይ ካለው ጽሑፍ አንብብልን። ጭነት ሳይኖርና ሲኖር ያለውን ቮልት፣ የሶኬቱን ፎቶና የፍሬሙን መስመር ደግሞ ለጥፍልን። ጋሼ ማታ ማታ ስለሚገቡ ያዩልሃል።